ጠዋት የምትሠራዋና ከሰዓት የምታቅደዋ

የአንባቢያን ጥያቄ፣ ከድሬዳዋ
ሰኔ 2012

ድሮ ለዚህ ገጽ የሚመጣልኝ ደብዳቤ ስለ አማት፣ ስለ ብድርና ስለ ቀረ ቀለበት ነበር። ኮሮና ከገባ ከመጋቢት ወዲህ ግን ሁሉም ስለ ሰዓት ሆኗል። ሰዉ እቤቱ ቁጭ ብሎ ሰዓት ጠፋብኝ ይላል። እኔ ደግሞ እዚሁ ድሬ፣ አንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ 19 ዓመት ሰዓት ተቆጣጣሪ ሆኜ ሠርቻለሁ። ማን በስንት ሰዓት ገባ፣ ማን አረፈደ፣ ማን ለጓደኛው ካርድ መታ የሚለው እንጀራዬ ነበር። ስለዚህ በዚህ ጥያቄ አታፍሩብኝም። ዛሬ ሦስት ደብዳቤ ይዣለሁ።

«ሰላም እትዬ። እንደ ድሬ ልጅ አንቺ ልበልሽ። የምጽፍልሽ ከሳቢያን ነው። የአንድ ድርጅት ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። መጋቢት ላይ ላፕቶፕ ሰጥተው እቤት ሥሩ አሉን። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ባጃጅ መጠበቅ የለ፣ ፀሐይ የለ። ይኸው ሦስት ወር ሊሞላ ነው፤ ቀኑ ከእጄ እያመለጠ ነው። የ11 እና የ6 ዓመት ወንዶች ልጆች አሉኝ። ትምህርት ቤት ወርክሺት በቴሌግራም ይልካል፤ ማስጠናቱ እኔ ላይ ወደቀ። ባለቤቴም ሥራው ስለቀዘቀዘ እቤት ነው፤ ሪሞቱን ይዞ ይውላል። አለቃዬ አዲስ አበባ ነው ያለው። ልክ 8 ሰዓት ላይ፣ ቤቱ ምድጃ ሲሆን ይደውላል።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትሳቂብኝ። ከሰዓት ከባለቤቴ ጋር ትንሽ እቅማለሁ። ያኔ ዕቅድ ይመጣልኛል። ደብተር አውጥቼ እጽፋለሁ። የወሩን ሒሳብ እዘጋለሁ፣ ለልጆቹ ፕሮግራም አወጣለሁ፣ እንግሊዝኛዬን አሻሽላለሁ፣ ጓሮው ላይ ቆስጣ እተክላለሁ፣ ዳቦ ጋግሬ እሸጣለሁ። አንድ ቀን ብቆጥረው 14 ነገር ጽፌያለሁ። ጠዋት 3 ሰዓት ስነሳ ግን ራሴን ያመኛል። ደብተሩን ማየትም አልፈልግ። ሰነፍ ሆኜ ነው ወይስ እያበድኩ ነው? በገዛ ቤቴ የማዝበት ነገር የጠፋ መሰለኝ።»
የሳቢያኗ እናት

አቦ፣ አላበድሽም። ሰነፍም አይደለሽም። ሰነፍ 14 ነገር ቆጥሮ አይጽፍም።

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልንገርሽ። መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤት ተዘጋ ሲባል ልጄ የልጅ ልጄን እኔ ጋ አመጣችው። ጤና ጣቢያ ስለምትሠራ እሷ አልተዘጋላትም። ልጁ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እኔም የድሮ ሙያዬ ተነሳብኝ። በአሮጌ ካላንደር ጀርባ ላይ በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ ፕሮግራም አወጣሁ። 12 ሰዓት መነሳት። 12 ተኩል ስፖርት። 1 ሰዓት ቁርስ። እንዲህ እያለ እስከ ማታ 3 ይወርዳል። ባዶ የተውኩት ግማሽ ሰዓት እንኳ አልነበረም። «7 ሰዓት፦ ንባብ» የሚልም አለበት። ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩት።

ሁለት ቀን ሠራ። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ መብራት ሄደ። ቬንትሌተሩ ቆመ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለድሬ ሰው አላስረዳም። 7 ሰዓት ላይ ሲሚንቶው ላይ ውኃ ረጭቼ፣ ድሪያዬን ሰብስቤ፣ እዚያው ተዘርሬያለሁ። የልጅ ልጄ መጥቶ ፍሪጁ ጋ ቆመ። ጣቱን በወረቀቱ ላይ ቀስ አድርጎ አወረደ። ከዚያ ዞሮ አየኝና «አያቴ፣ አሁን እኮ ንባብ ላይ ነሽ» አለኝ።

ወረቀቱን ያን ማታ ከሰል አቀጣጠልኩበት።

እንዲህ ያለ ፕሮግራም እንደማይሠራ ማወቅ ነበረብኝ። ፋብሪካ ውስጥ በሦስት ሺፍት ነበር የምንሠራው። ከጠዋቱ 12 እስከ 8፣ ከ8 እስከ ማታ 4፣ ከማታ 4 እስከ ንጋት 12። ማሽኑ አይቆምም፣ ሰው ይቀያየራል። ከሁሉም የምትበልጠው ደግሞ በሁለት ሺፍት መካከል ያለችው አሥር ደቂቃ ነበረች። ርክክብ እንላታለን። ማሽኑ ጆሮ ስለሚያደነቁር ወጪዋ ሠራተኛ ገቢዋን ጆሮዋ ሥር ገብታ ትጮህባታለች። «ይቺኛዋ ክር እየበጠሰች ነው! ያቺን እንዳትነኪያት! እዚህ ድረስ ደርሻለሁ!» ገቢዋ ራሷን ትነቀንቅና ከቆመበት ትቀጥላለች። ርክክብ ያልተደረገ ቀን ግን ግማሹ ሺፍት ምን እንደተበላሸ በመፈለግ ያልቃል። ከቢሮዬ መስኮት ሆኜ ስንቴ አይቼዋለሁ።

አንቺ ቤት የጎደለው ይሄ ነው። ሁለት ሴቶች ናችሁ። አንዷ ከሰዓት የምታቅደዋ፣ ሌላዋ ጠዋት ራሷን ይዛ የምትነሳዋ። የከሰዓቷ ደፋር ናት። ለጋስም ናት፤ ቁጭ ብላ ዳቦ ቤት ትከፍታለች። የምትለግሰው ግን የሌላዋን ጉልበት ነው። የጠዋቷ ምስኪን ተነስታ 14 ትእዛዝ ስታገኝ ምን ታድርግ? ደብተሩን ትዘጋለች። እኔም ብሆን እዘጋው ነበር።

ስለዚህ ሥራ ስታቆሚ፣ ላፕቶፑን ከመዝጋትሽ በፊት፣ በቁራጭ ወረቀት ላይ ርክክብ ጻፊ። ሁለት መስመር ይበቃል። የት ደረስኩ፣ ነገ መጀመሪያ የምነካው ምንድነው። ለምሳሌ «የግንቦት ባንክ ማስታረቅ፣ እስከ 18 ደርሻለሁ፣ 2,340 ብር አልገጠመም፣ ከቼኮቹ ጀምሪ» ብለሽ። «ሒሳብ መዝጋት» ብለሽ ግን እንዳትጽፊ። እሱን ያነበበች ሴት ተመልሳ ትተኛለች። ዓይን በደንብ ሳይገለጥ ሊነካ የሚችል ነገር ይሁን። እኛ ጋ ደግሞ ገቢዋ ማሽኑ ሳይጠረግ ከተሰጣት «አልረከብም» ማለት ትችል ነበር፤ ስንት ጠብ አስታርቄያለሁ በዚህ። የጠዋቷም ይህን መብት ስጫት። ከአንድ በላይ ሥራ ከተጻፈላት አትረከብ።

ስለ መቃሙ እናውራ። ሰባኪ አይደለሁም፤ ድሬ ተወልጄ ከየት አመጣዋለሁ? ምርቃና ላይ የመጣ ሐሳብ ሁሉ ከንቱ ነውም አልልም። አንዳንዱ ዕንቁ ነው። ለሱ ሌላ ደብተር ያዢለትና ቅዳሜ ጠዋት፣ ቡና ፊትሽ ሆኖ፣ አንብቢው። ከ14ቱ ያኔም ደስ የሚልሽ ካለ እሱን ያዢ። ቆስጣው ሳይሆን አይቀርም። ዳቦውን እንጃ።

ራስ ምታቱና 3 ሰዓት መነሳቱ ግን የእንቅልፍ ጉዳይ ነው። ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል የሚያነቃቃ ነገር አለ። ቅጠሉ ሲደርቅ እየደከመ ስለሚሄድ ነው ሰው ሁሉ እርጥቡን የሚያሳድደው። እሱን 11 ሰዓት ላይ ይዘሽ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ጣሪያ ብትቆጥሪ ምን ይገርማል? ብትተዪው ደስ ይለኛል። ካልሆነም ሰዓቱን ወደፊት አምጪው፣ መጠኑንም ቀንሺ። ጎረቤት ጠርቶ መሰብሰቡማ ይቅር። መጋቢት 30 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ከልክሏል። በአንድ ብርጭቆ ውኃ መቀባበልም ለጊዜው ይረሳ።

ሰዓቱ ራሱም ያንቺ አይደለም። በአዲስ አበባ ሰዓት ድሬ ውስጥ ልትሠሪ ነው የፈለግሽው። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። እኛ በግማሹ፣ 1,200 አካባቢ ነን። አለቃሽ ሹራብ ደርቦ፣ ዝናቡን በመስኮት እያየ ነው የሚደውልልሽ። ድሬ በዚያ ሰዓት የለችም። ከዚራ ሱቁ ተዘግቷል። ቀፊራ ነጋዴዋ ዣንጥላዋ ሥር አንቀላፍታለች። ውሻው እንኳ ቱቦ ውስጥ ገብቷል። አባቴ ምድር ባቡር ነበር የሚሠራው። ቀትር ላይ እቤት ይመጣል፣ ሽርጡን ያገለድማል፣ ተኝቶ ይነሳል፣ ተመልሶ ይሄዳል። ማንም ሰነፍ ብሎት አያውቅም። እኛ ነን ላፕቶፕ ስንይዝ የቀትር እንቅልፍ ነውር የመሰለን።

ያንቺ ጊዜ ከጠዋቱ 12 እስከ 4 ያለው ነው። በረንዳው ጥላ ነው፣ አየሩም ቀዝቀዝ ያለ ነው። ልጆቹ እስከ 2 ከተኙልሽ፣ ማንም «እማዬ» የማይልሽ ሁለት ሰዓት አገኘሽ ማለት ነው። ወረቀትሽ ላይ ያለውን ሥራ ያኔ ሥሪ። ቴሌግራም አትክፈቺ። ከ6 እስከ 10 ተጋደሚ፣ ሳታፍሪ። ከ10 በኋላ ቀላል ቀላሉን ሥሪ፤ ኢሜይል መመለስ፣ ደረሰኝ በቀን መደርደር፣ የመሳሰለውን። መጀመሪያ ሰሞን 12 ሰዓት መነሳት ይከብድሻል። በአንድ ጊዜ አትዝለዪ፤ በየሁለት ሦስት ቀኑ ሩብ ሰዓት እየቀነስሽ ነይ።

ለአለቃሽም ንገሪው። «ከጠዋቱ 12 ጀምሮ ሥራ ላይ ነኝ። የሠራሁትን 4 ሰዓት ላይ እልክልዎታለሁ፤ ለመነጋገር ከ10 በኋላ ቢደውሉልኝ ይመቸኛል» በዪው። ፋይሉ በሰዓቱ ሦስት ቀን ከመጣለት አራተኛው ቀን ላይ 8 ሰዓት አይደውልም። ካርድ በሰዓቱ መትቶ ቀኑን ሙሉ ምንም የማይሠራ ሰው ስንት አሳልፌያለሁ መሰለሽ። አለቆቹም ያውቁታል።

ወርክሺቱ ላይ አስተማሪ ልሁን ብለሽ አትሙቺ። ትልቁ ትንሹን ያስቆጥረው፤ ቆርኪም ጠጠርም ይሆናል። አንቺ ማታ አንድ ገጽ አብረሻቸው አንብቢ። የኔው የልጅ ልጅ ሒሳብ አልሠራም ብሎ አስቸገረኝ። ምን አደረግኩ፣ የበሩን ሥልጣን ሰጠሁት። ከውጭ የመጣ ሰው ሁሉ እሱ ፊት፣ በሳሙና፣ እስከ 20 እየተቆጠረ ይታጠባል። ደብተር አለው። ስም፣ ሰዓት፣ «ታጥቧል»፣ «አልታጠበም»። አንድ ቀን ከቀፊራ ቲማቲም ይዤ፣ ላብ በላብ ሆኜ መጣሁ። ቸኩዬ 12 ላይ አቆምኩ። ምንም አላለኝም። ጎንበስ ብሎ ጻፈ። ቀና ብዬ ሳየው «አያቴ፣ 5 ሰዓት ከሩብ፣ አልታጠበችም» ይላል። 19 ዓመት በሰው ላይ የጻፍኩት ዞሮ መጣ። አሁን እሁድ እሁድ ስንት ሰው ገባ፣ ስንቱ ታጠበ፣ ከአምናው ሳምንት በስንት ይበልጣል እያለ ይደምራል፣ ይቀንሳል። (ያለፈውን ሳምንት «የአምናው ሳምንት» ነው የሚለው፤ ላርመው አልፈለግኩም።)

ባለቤትሽም ካርድ ይምታ። ከ2 እስከ 4 ሰዓት ልጆቹ የሱ ናቸው፤ ቁርሱም የሱ። ፉል መግዛት ወይ እንቁላል መጥበስ የማይችል የድሬ ወንድ አላውቅም። ሪሞት ይዞ የሚውል ሰውም ቀኑ ከእጁ አምልጦት ነው፤ አልተናገረም እንጂ። ስትነግሪው እንደ ክስ አታድርጊበት።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። እናቴ እቤት ሆና ልብስ ትሰፋ ነበር፣ በሲንጀር። ማታ ሥራዋን ስታቆም ዳሩ የተጠለፈ ነጭ ጨርቅ ታለብሰዋለች። ከለበሰ በኋላ አታነሳውም። ደንበኛ በር ላይ ቆሞ «ቁልፍ ብቻ ትከዪልኝ» ቢላት «ተሸፍኗል» ትላለች። ደክሞኛል አትልም፣ አልችልም አትልም። ተሸፍኗል። ሰዉም ይገባዋል፣ ይሄዳል። እኛ ልጆቿ ያን ጨርቅ ስናይ እየሮጥን ጭኗ ላይ እንወጣ ነበር። አንቺም ላፕቶፑ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ሽንኩርት የሚከተፍበት ከሆነ፣ ማታ 12 ሰዓት ላይ ነጠላ ጣል አድርጊበት። አለቃሽም ቢደውል ተሸፍኗል በዪው። በልብሽ።

«እትዬ፣ እኔ ከገንደ ቆሬ ነኝ፣ 24 ዓመቴ ነው፣ ባጃጅ እነዳለሁ። ግማሽ ጫኑ ከተባለ ወዲህ ሥራው ሞቷል፤ ግማሽ ቀን እቤት ነኝ። ስልኬን ይዤ ስንት ሰው ተያዘ፣ ስንት ሞተ ስል እውላለሁ። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። ምንም ነገር በእጄ አይደለም። ምን ትመክሪኛለሽ?»
ባጃጁ

ልጄ፣ ቁጥሩን ጤና ሚኒስቴር በቀን አንዴ ነው የሚያወጣው። አንተ 50 ጊዜ ብታየው አይጨምርም፣ አይቀንስም። ማታ አንዴ እየውና ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጥ። ሕመም ቢሰማህ ወይ ጥያቄ ቢኖርህ 8335 ደውል፣ ነፃ ነው። ፌስቡክ ላይ ስለ ነጭ ሽንኩርትና ስለ ፌጦ የሚጽፈውን ሰው ግን ተወው።

እናቴም እንዳንተ ነበረች። ከመጋቢት 4 ጀምሮ፣ ያ የመጀመሪያው ሰው ተገኘ ከተባለበት ቀን ጀምሮ፣ ቴሌቪዥኑን አላስጠፋ አለችን። አንድ ማታ ዜናው በአገሪቱ የቬንትሌተር እጥረት አለ ብሎ ተናገረ። ዝም ብላ ጣሪያውን አየች፤ ቀጥላ ጥጉ ላይ የቆመውን አየች። «እኛ ሁለት አለን አይደል፣ አንዱን ለምን አንሰጥም?» አለች። የሆስፒታሉ ሌላ ነው፣ ሳንባ የሚያስተነፍስ ማሽን ነው ብለን አስረዳናት። «ታዲያ የኛስ ምን እያደረገ ነው?» አለችን። በሰኔ ሙቀት መልስ አጣንላት።

አሁን በእጅህ ያለ ነገር ልንገርህ። በርሜልህን እይ። እየቀለድኩ አይደለም። አምና ነሐሴ ምን ሆነን ነበር? ቺኩንጉንያ። በየቤቱ ሰው ተኝቶ፣ ግማሹ ሰፈር ግድግዳ ይዞ ሲሄድ የነበረው ገና ዓመት አልሞላውም። ቃሉ ከማኮንዴ ቋንቋ የመጣ ነው፤ መጉበጥ፣ መቆልመም እንደማለት ነው። እኔን ጣቶቼን እስከ ጥር ድረስ ይዞኝ ነበር። የጀሪካን ክዳን ለልጅ እየሰጠሁ ነበር የማስከፍተው። የምታስተላልፈው ኤደስ የምትባል ትንኝ ናት፣ ቀን የምትናከስ። ረግረግ አትፈልግም። ለራሳችን ብለን ያጠራቀምነውን ንጹሕ ውኃ ነው የምትወደው። ዘንድሮ ደግሞ ታጠቡ ስለተባለ በየበሩ በርሜልና ባልዲ ተጨምሯል። ዝናቡም እየመጣ ነው።

እንዲህ አድርግ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት እንበል፣ በርሜሉን ገልብጠህ ድፋው፤ ውኃውን ለዛፍም ለግቢም አድርገው፣ አይባክን። ከዚያ የውስጡን ግድግዳ በብሩሽ ፈትግ። እንቁላሏ ግድግዳው ላይ ስለሚጣበቅ ውኃ መቀየር ብቻ አይበቃም። በእንዲህ ያለ ሙቀት ከእንቁላል ተነስታ ለመብረር አንድ ሳምንት ገደማ ይበቃታል። ለዚህ ነው በየሳምንቱ የምልህ። መልሰህ ስትሞላ በሳሳ ጨርቅ ሸፍነህ ዙሪያውን በላስቲክ እሰር። ግቢ ውስጥ የወደቀ የባጃጅ ጎማ ካለ፣ ሳይኖር አይቀርም፣ ውኃውን ድፋና ከጣሪያ ሥር አስገባው። ከጨረስክ የጎረቤትህን አሮጊት በርሜል ፈትግላት። ማስክህን አድርገህ፣ ሁለት እርምጃ ርቀህ።

የገቢውን ነገር በምክር አልሸፍነውም። ከባድ ነው። አንድ ያየሁትን ግን ልንገርህ። እኛ ሰፈር አንድ ልጅ ከቤት መውጣት የፈሩ ሽማግሌዎችን ስልክ ይዞ፣ ጠዋት ጠዋት ከቀፊራ አትክልታቸውን፣ ከአሸዋ ሌላውን ዕቃ ያመላልስላቸዋል። ድንችና ሽንኩርት በግማሽ ጫን አይባልም። ማስክ አድርጉ ብለህም አትጨቃጨቅም።

«እህቴ፣ ከሐረር ጀጎል ነው የምጽፍልሽ። 74 ዓመቴ ነው። አፎቻችን፣ የኛ የሐረሪዎች ዕድር፣ መሰብሰብ ካቆመ ወዲህ ሰው አላየሁም። ልጆቼ አትውጣ ይሉኛል። ኢዱም እንዲሁ አለፈ። ሥራ የለኝም፣ ግን ቀኑ አልመሽ አለኝ። ለሥራ ፈትስ ምክር አለሽ?»
የጀጎሉ ሽማግሌ

አባቴ፣ ልጆችዎ እውነታቸውን ነው፤ ይስሟቸው። ግን እቤት ቁጭ ማለት ሥራ መፍታት አይደለም፣ አፎቻም የቆመው በእግር ነው። የአባላቱ ስምና ስልክ እርስዎ ጋ ካለ፣ በቀን ለሦስት ሰው ይደውሉ። ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ያድርጉት፣ ሆጃዎን እየጠጡ፣ ሰውም ይጠብቅዎት። ዝም ብለው «ደህና ነህ» ቢሉ «ደህና፣ አልሐምዱሊላህ» ይልና ይዘጋል። ስለዚህ ጥያቄ ይዘው ይደውሉ። የመጀመሪያ ሠርግ ያየኸው የማን ነበር? አባትህ ቡናቸውን የት ይሸጡ ነበር? በሸዋ በር በኩል የነበረው ሱቅ የማን ነው? የሚነግሩዎትን የልጅ ልጅዎ ይጻፍ። ሦስት ጥሪ ጨርሰው ቀና ሲሉ መሽቶ ያገኙታል፤ ሽማግሌ ስለ ሠርግ ሲጠየቅ ስልክ እንደማይዘጋ ከኔ ይበልጥ ያውቃሉ።

እኔም በዚህ ሙቀት 55 ኪሎ ሜትሩን ወጥቼ የሐረርን አየር ብስብ በወደድኩ። ለጊዜው ግን የልጅ ልጄ በር ላይ ነው። ደብተሩን ገልጦ አንዱን «እጅህን አሳየኝ» እያለ ነው፤ የመብራት ቆጣሪ አንባቢው መሰለኝ። ጨርቄን ላልብስ። ለሚቀጥለው ወር ሴትዮ የተውኩላት ወረቀት እንዲህ ይላል፦ «የሽንሌዋ ልጅ ደብዳቤ፣ ሁለት ገጽ ነው፣ አንደኛውን ገጽ አንብቤያለሁ፣ ከሁለተኛው ጀምሪ።»